ድምፅ ከታናሽ ይጀመራል

እኔ የሕክምና ትምህርት ቤት አስተዳድሬ አውቃለሁ። ይህን ስል የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። ማን አልፎ ማን እንደሚወድቅ፣ ማን እንደሚቀጠር፣ ማን ዓመት እንደሚደግም ስወስን የነበርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ነጭ ጋውናቸውን እያወናጨፉ ሲያልፉ መንገድ የምትለቁላቸው ስፔሻሊስቶች ግማሾቹ ያለ እኔ እጅ ሐኪም አይሆኑም ነበር። እጅ ስል በቁሙ ነው፤ በስብሰባ ላይ የሚወጣው እጅ።

ግማሾቹ ያልኩት ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም። ሩብ ይሁን። ወደ ሥልጣን የወጣሁበትን መንገድ ደግሞ ሌላ ሰው አበላሽቶ ከሚነግራችሁ እኔው ልናገር። የተመረጥኩት ለስኳር ተሰልፌ ሳለሁ ነው። ጀማሪ መምህራን ተወካያቸውን በሚመርጡበት ከሰዓት በኋላ እኔ መካኒሳ የኅብረት ሱቁ በር ላይ የጨርቅ ከረጢቴን ታቅፌ፣ ስኳሩ እኔ ጋ ሳይደርስ እንዳያልቅ እየጸለይኩ ቆሜ ነበር። በማግስቱ ሥራ ስገባ ባልደረቦቼ አንድ በአንድ እየመጡ እጄን ጨበጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ለእኔ መስሎኝ ነበር። በዚያ ዘመን ስብሰባ የቀረ ሰው ወይ ይመረጣል ወይ ይገመገማል፤ የተሻለው ደረሰኝ ብዬ አመስግኜ ተቀበልኩ። ለምን ደስ እንዳላቸው የገባኝ ቆይቶ ነው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰው አንድ ቁም ሳጥን ነው። ሰሞኑን ሚስቴ ሰብለ፣ ልብሳችን በካርቶን መኖር መሮታል ብላ፣ ላፍቶ መንገድ ዳር ከተደረደሩት ፈርኒቸር ቤቶች ወደ አንዱ ይዛኝ ሄደች። ሻጩ ጎረምሳ "ፋዘር፣ ይሄ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው" እያለ የአዲሱን ቁም ሳጥን በር ብርግድ ሲያደርገው፣ ከውስጥ የወጣው ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ሠላሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ጎተተኝ። ፎርማሊን። ቺፑዱን የሚያጣብቁበት ሙጫ ውስጥ አለ አሉ። እኔ የማውቀው ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚነከርበትን ነው። ሰብለም አሸተተችው። ተያየን።

"ጓድ ታደሰ እዚህ ውስጥ ተቀምጦ ይሆን እንዴ?" አለችኝ።

ሻጩ ግራ ገባው። "ሽታው በሳምንት ይለቃል፣ ማዘር።"

"እኛን አልለቀቀንም፣ ልጄ" አለችው።

ያኔ መካኒሳ ዛሬ የምታውቋት መካኒሳ አልነበረችም። ባሕር ዛፍ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ እዚህም እዚያም የቆርቆሮ አጥር፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ። ጭቃዋን የሚያክል ጭቃ በዓለም ላይ አልነበረም። በሰኔ አንድ እግር ጫማ ታበድራታለህ፣ በመስከረም ደመራ ሲደመር ትመልስልሃለች። የምኖረው ከጋሼ ከድር ግቢ፣ ከኋላ በኩል ባለችው አንድ ክፍል ነበር። በወር ሃያ ብር፤ ውኃ ከነሱ ቧንቧ፣ መብራት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት። ጋሼ ከድር ከስልጤ ገና በልጅነታቸው የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው የተተከለው ከእኔ ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ ዘመኑን የተከታተልኩት በጋዜጣ ሳይሆን በእሳቸው መኪና ነው። መጀመሪያ ሰፈርተኛው ሁሉ ቤልቦተሙን ይዞ መጣ፤ እግሩ ይጥበብልን ብሎ። ቀጥሎ ሳፋሪ ሆነ። ቀጥሎ ካኪ፤ ቀጥሎ ባለ አራት ኪሱ ኮት፣ እስከ አንገት የሚቆለፈው። መኪናው ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ሬዲዮ የድሮ ዘፈን ስታሰማ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ይዘገያል፣ አንድ እጅጌ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የወታደር ማርሽ ሲመጣ ግን መኪናው ይሮጣል። ያንን ዓመት ደግሞ ሬዲዮዋ ከማርሽ ሌላ የምታውቀው አልነበራትም፤ በጋሼ ከድር ሙያ እንዲህ ያለ ፈጣን ዓመት ታይቶ አይታወቅም።

ጠዋት ጠዋት የአውቶቡሷን አሥራ አምስት ሳንቲም ለሻይ አትርፌ፣ ሻዩን ከመንገድ ዳር ካለች ቆርቆሮ ቤት በችኮላ ጠጥቼ፣ በእግሬ ወደ ብስራተ ገብርኤል እወጣለሁ። የአናቶሚ ክፍላችን ያኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ የመስታወት ሕንፃ በቅሏል። ምድር ቤቱ ኬክ ቤት ነው። ሰዎች ቁጭ ብለው ክሬሙን ከጣታቸው የሚልሱበት ጥግ የሬሳ ገንዳዎቹ የነበሩበት ነው። ነግሬያቸው አላውቅም። ሰው ደስ ሲለው ምን ቸገረኝ።

የእኛ ጉባኤ የሚሰበሰበውም እዚያው ቪላ ውስጥ ነበር፤ ዋናው ግቢ ያለው አዳራሽ ለውይይት ክበብ ስለሚያዝ። ከውጭ የሚያይ ሰው ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ዲኑ ይመስለዋል። ዲን ደብዳቤ ይፈርማል፣ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ይቆማል። ተማሪ የሚያሳልፈውና የሚያሰናብተው፣ ፈተና እንዴት ይሰጥ፣ ማን ይቀጠር፣ ማን ይደግ የሚለውን የሚቆርጠው ግን መምህራን በየክፍላቸው በድምፅ መርጠው የሚልኳቸው ሰዎች የሚቀመጡበት ጉባኤ ነው። ከውስጥ ደዌ አንድ፣ ከቀዶ ሕክምና አንድ፣ ከሕፃናት አንድ እያለ ይሄድና፣ በጠረጴዛው ጫፍ፣ በሩ አጠገብ፣ ብርድ በሚገባበት ወንበር ላይ የጀማሪዎቹ ተወካይ። ዲኑ ይሰበስባል እንጂ ድምፅ የሚሰጠው እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። ስብሰባ ሁሉ "ጓድ ሊቀመንበር" በሚባልበት ዘመን የእኛ ዲን "ኧረ እኔን ሰብሳቢ በሉኝ" ይል ነበር፤ ያኛው ማዕረግ ባለቤት ነበረው። ሁሉ ነገር ከላይ በሚወርድበት አገር ከታች ተመርጦ የሚወስን ጉባኤ እንዴት እንደተረፈ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ፕሮፌሰር ይልማን አንድ ቀን ብጠይቃቸው "ላይ ያሉትም እኮ ይታመማሉ" አሉኝ። "ቢላ የሚይዝላቸው ሰው በእውነት ያለፈ እንዲሆን ይፈልጋሉ።"

ፕሮፌሰር ይልማ የጉባኤው አንጋፋ ናቸው። ድሮ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ያኔ ግን እንደማንኛችንም ተራ ተመራጭ። ሁለት ልማድ ተክለውልናል። አንደኛው፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተነሳ የተማሪ ስም በር አልፎ አይወጣም፤ አባል የነበረ ሰው ከዓመታት በኋላም ቢሆን እገሌ እንዲህ ሆኖ ነበር አይልም። ሁለተኛው ድምፅ ከታናሽ መጀመሩ ነው። ይህኛው ከሕሙማን ክፍል የመጣ ነው። ሐኪሞች በአልጋ ዙሪያ ቆመው በሽታ ሲመረምሩ መጀመሪያ እንዲናገር የሚደረገው ጀማሪው ነው፤ ፕሮፌሰሩ ቀድሞ "ጉበት ነው" ካለ ጀማሪው ሳንባ እያየ ጉበት ነው ይላላ። ለአልጋ የሚበጅ ለጠረጴዛም ይበጃል ብለው አመጡት። እናም በማንኛውም ጉዳይ ላይ አስተያየት የሚሰጠው፣ እጁን የሚያወጣው፣ ከሁሉ በፊት እኔ ነበርኩ። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሳላይ፣ የምሸሸግበት አንድ ትልቅ ሰው እንኳ ሳይናገር። ባልደረቦቼ ለምን ደስ እንዳላቸው አሁን ገባችሁ።

ይህን ግን ለጋሼ ከድር አዙሬ ነው የነገርኳቸው። የተመረጥኩ ሰሞን ከከሰልማ ቴትሮን ኮት ሰፉልኝ፤ "ሰው ላይ የሚወስን ሰው በሹራብ አይቀመጥም" ብለው። ሲለኩኝ አፌን ማን ይያዘው።

"ጋሼ ከድር፣ እዚያ ቤት እኔ ሳልናገር ማንም አይናገርም እኮ።"

"ተው እንጂ፣ ዶክተር።"

"ምን ተው አለው።"

"ዲኑስ?"

"ዲኑም እኔን ነው የሚጠብቀው።"

መርፌ በከንፈራቸው እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። ሐሰት አልነበረም፤ አንድም ቃል። ኮቱ ብብቱ ጋ ያዘኝ ስላቸው "ትለምደዋለህ፤ ሥልጣን መጀመሪያ ይጠባል" አሉ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ያልኩትን አንድም ሳያስቀሩ ይዘውት ነበር።

ልጃቸው ነስሩ፣ ስሙን እንዳወጣ ራሱ ፈቅዶልኛል፣ የእኛው ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቀልዴን ሰምቶ በማግስቱ የሚስቅ ዓይነት። የውስጥ ደዌ የቃል ፈተናው ቀን ጠዋት ጋውኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ መካኒሳ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሳለ መኪና መጣ፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚለቅም። የተማሪነት መታወቂያውን አሳየ። "ሐኪም ከሆንክማ ግንባር ይበልጥ ይፈልግሃል" አሉትና ጫኑት። ሦስት ቀን የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተዘጋበት። ያስፈታው መታወቂያው አይደለም። የአብዮት በዓል ቀርቦ ነበር፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ባለ አራት ኪስ ኮት ደግሞ ግማሹ ተሰፍቶ ጋሼ ከድር መኪና ላይ ነበር። ጋሼ ከድር መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሊቀመንበሩ ሰው ቢልኩ "እጄ ልጄን እያሰበ መርፌ አይይዝም" አሉ። በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ራሳቸው መጡ። "ልጅህን ውሰድ። ወረቀት ግን እንዳትጠይቀኝ፤ ያልያዝኩትን ሰው ለቀቅሁ ብዬ አልጽፍም" አሏቸው።

ወረቀቱ ነው እንግዲህ ነገሩ። ደንባችን አጭር ነበር፤ ከመጨረሻው የቃል ፈተና የቀረ፣ የሐኪም ወረቀት ከሌለው ይሰናበታል። የተሰናበተ ተማሪ መታወቂያውን ይመልሳል። መታወቂያ የሌለው የመካኒሳ ጎረምሳ ደግሞ የሚቀጥለው መኪና ሲመጣ የት እንደሚያድር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ጎዳና ብቻ በዚያ ዓመት የሄዱት ስንቶቹ እንደተመለሱ እናቶቻቸውን መጠየቅ ነበር። የሚያስፈታው ሁለተኛ ኮት አልነበረም።

ጉባኤው ከመሰብሰቡ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከድር በሬን አንኳኩ። ይለምኑኛል ብዬ ስፈራ ኮቴን ብቻ ጠየቁኝ። አንድ ቁልፍ ላልቶ አይተዋል። እዚያው ደረጃዬ ላይ ቁጭ ብለው አጠበቁት።

"ነገ ነው አሉ" አሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ።

"ነገ ነው።"

"እናቱ እንቅልፍ አጣች። እኔ ተኚ አልኳት። እሱ ሳይናገር ማንም የማይናገርበት ቤት ነው፣ አልኳት።"

ኮቴን አልብሰውኝ፣ ትከሻዬን እንደ ሙሽራ ጠርገው ሄዱ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፌን የረገምኩበት ቀን የለም።

በማግስቱ ጓድ ታደሰ ወደ ስብሰባው የመጣው ከሁላችንም ቀድሞ ነው። ከዋናው ግቢ የተመደበ ካድሬ ነበር፤ በጉባኤያችን ላይ ይቀመጣል። ድምፅ አልነበረውም፤ ጆሮ ግን ነበረው። እኛ ፎርማሊኑን ለምደነዋል፤ ከጎናችን ባለው ክፍል ሬሳዎቹ ገንዳቸው ውስጥ እንደተኙ ሻይ እንጠጣለን። እሱ ግን አልለመደውም። ስብሰባው እስኪያልቅ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ እንባው እየወረደ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ ነው ያ ሰው አዝኖ ይሁን ተቆጥቶ ለማወቅ የማይቻለው። ሲያስፈራራህም ያለቅሳል።

ዲኑ አነበበ። "ተማሪ ነስሩ ከድር። የመጨረሻ ዓመት። በውስጥ ደዌ የቃል ፈተና አልተገኘም። የሐኪም ወረቀት አላቀረበም። ያልተገኘበትን ምክንያት በቃል አስረድቷል።"

"ምን ብሎ?" አለ ጓድ ታደሰ።

ዲኑ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጠረገ። "መንገድ ላይ ሦስት ቀን እንደተስተጓጎለ።"

"ሦስት ቀን? ምን ዓይነት መንገድ ነው እሱ?"

ከውጭ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማርሽ ያሰማል። ጋሼ ከድር ይኼኔ መኪናውን እያስሮጡት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

"ጓዶች" አለ ጓድ ታደሰ፣ በመሐረቡ ውስጥ። "እኔ ድምፅ የለኝም፤ ድምፅ የናንተ ነው። ብቻ አንድ ነገር ላስታውስ። ለእናት አገር የሚሰለፈው ሁሉ በፈቃዱ ነው። የታፈሰ የለም። የታፈሰ ከሌለ፣ ታፍሼ ነበር ማለት ምክንያት አይሆንም። እንደ ምክንያት የሚጽፈው ቃለ ጉባኤ ካለ ደግሞ የጻፈውን እጅ ማየት እፈልጋለሁ።"

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የሕፃናት ክፍል ተመራጯ ዶክተር ሰብለ ነበረች። አዎ፣ ቁም ሳጥን ያስመረጠችኝ ሰብለ። ያኔ ሚስቴ አይደለችም። እንዲያውም አታውቀኝም ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ስድስት ወር ሙሉ በየስብሰባው ደረቴን ነፍቼ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ አንበሳ መስዬ ስቀርብ የነበረው ለእሷ ነው። እስክሪፕቶዋ ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ ቀና ሳትል ጠየቀች።

"ምክንያት ሳይጻፍ ድጋሚ ፈተና መስጠት አይቻልም?"

"ከዚህ በፊት ተደርጎ ያውቃል?" አለ ጓድ ታደሰ። "ያለ ሐኪም ወረቀት፣ ያለ ምክንያት፣ ለማንም? ተደርጎ ካወቀ እኔም አልናገርም። ዛሬ ከተጀመረ ግን ለምን በዚህ ልጅ ተጀመረ ብዬ እጠይቃለሁ፤ የሚጠይቁኝም አሉ።"

ዲኑ አዲስ ነበር። የድሮዎቹ ቃለ ጉባኤዎች ዕቃ ሲዛወር ጠፍተዋል። ሁሉም ዞሮ ፕሮፌሰር ይልማን አየ።

"ተደርጎ ያውቃል" አሉ።

"ለማን?"

"የተማሪ ስም አላወጣም።"

"ፕሮፌሰር፣ ስም የሌለው ምሳሌ ወሬ ነው።"

"ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ከፈለገ ራሱ ይናገራል። እኔ አልናገርም።" ይህን ሲሉ ያዩ የነበረው መስኮቱን ነው። ወደ እኔ አላዩም። እኚያ ሽማግሌ ወደ እኔ ላለማየት አንገታቸውን እንዴት አጥብቀው እንደያዙ ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።

"ምሳሌ ከሌለ ወደ ድምፅ እንሂድ" አለ ዲኑ፣ ድምፁ ቀጥኖ። "ከታናሽ ይጀመራል።"

ክፍሉ ወደ እኔ ዞረ። የበሩ ሥር ብርድ ቁርጭምጭሚቴን ይዞታል፤ ከኮቱ ሥር ያለው ገላዬ ግን በላብ ርሷል። ልታቀብ እችል ነበር። ድምፀ ተዓቅቦ ማለት በእንዲህ ያለ ቀን ለእንደኔ ያለ ሰው የተፈጠረ ነገር ነው። እኔ ከታቀብኩ ቀጣዩ ይታቀባል፣ ከዚያ ቀጣዩም፤ ደንቡ ራሱ ልጁን ያሰናብተዋል፣ የማንም እጅ ሳይታይ። አንድ አፍታ ያንን ጸጥታ ወደድኩት። ከዚያ ደረጃዬ ላይ የተቀመጡት ሰው ትዝ አሉኝ፤ ክሩን በጥርሳቸው ሲበጥሱ። ሰብለን አየኋት። ስድስት ወር የገነባሁትን አንበሳ ተሰናበትኩት።

እጄን አወጣሁ። ኮቱ ብብቴ ሥር ሸረረረ ብሎ ተቀደደ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ማርሹን ያስናቀ ድምፅ ነበር።

"ድጋሚ ይፈተን ነው የምለው" አልኩ። "ምሳሌው ደግሞ እኔ ነኝ።"

ጓድ ታደሰ መሐረቡን ዝቅ አደረገ። "አልገባኝም።"

"ያለ ሐኪም ወረቀት ይህንኑ ፈተና በድጋሚ እንድፈተን ይኸው ጉባኤ የፈቀደልኝ ተማሪ እኔ ነኝ።"

"ምን ሆነህ?"

ይህ ነበር የማልፈልገው ጥያቄ። ጠረጴዛውን እያየሁ ተናገርኩ። "ለፈተናው አንዲት ሳንባቸውን የሚያማቸው እናት ደረሱኝ። ጠየቅኋቸው፣ ደረታቸውን አዳመጥኩ፣ ፈታኞቹ እስኪመጡ አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ። ከጎናቸው ካለው አልጋ ላይ ነርሷ ደም ስትቀዳ ቱቦው አመለጣት። ትንሽ ነው የፈሰሰው። ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። ፈታኞቹ ሲገቡ በሽተኛዋ ቆመው በነጠላቸው ያራግባሉ። እኔ አልጋቸው ላይ ነኝ።"

ዲኑ መነጽሩን ደግሞ አወለቀ።

"ጫማዬንም አውልቀውልኝ ነበር" አልኩ፤ ካልቀረ ብዬ።

"ፈታኞቹስ?" አለ ጓድ ታደሰ።

"ዋናው ፈታኝ በሽተኛዋን ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም ‹ዝም በሉት፣ ደክሞት ነው፤ ገና አሁን ነው ያንቀላፋው› አሉ።"

"የሐኪም ወረቀት አላመጣህም?"

"የወደቅሁት ሐኪም ቤት ውስጥ፣ በሐኪሞች መሀል ነው፣ ጓድ። ያከሙኝ ግን በሽተኛዋ ብቻ ናቸው። እሳቸው ወረቀት መስጠት አይችሉም።"

ከወዲያ ጥግ የሆነ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ሰው ሳል የሚመስል ነገር ሊውጥ ሲሞክር። የጓድ ታደሰ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ እንባው ይወርዳል። ፎርማሊኑ ይሁን፣ ሳቅ ይሁን፣ ቁጣ ይሁን፣ እምላለሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓይኑን ጠረገና "አሁንስ? ደም ስታይ አሁንም ትወድቃለህ?" አለኝ።

"የለም ጓድ። አሁን ለምጃለሁ።"

"ፕሮፌሰር፣ እውነት ነው?"

"ባለቤቱ ተናግሯል" አሉ ፕሮፌሰር ይልማ። "እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር።"

ቀጣዩ ታናሽ የመድኃኒት መምህሩ ነበር፤ በሕይወቱ ሳይታቀብ የዋለበት ቀን የለም። ጠረጴዛውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። "ምሳሌ ካለማ..." አለና እጁን አወጣ። ሰብለ እስክሪፕቶዋን እንደያዘች እጇን አወጣች። ሁለት ሰዎች ታቀቡ። የቀዶ ሕክምናው ተመራጭ ተቃወመ፤ ካድሬውን ፈርቶ እንኳ አይደለም። "ያኔም ስህተት ነበር" አለ እኔን እያየ፣ "አሁንም ስህተት ነው።" የቀሩት ግን እጃቸው ወጣ፤ በመጨረሻም የፕሮፌሰር ይልማ እጅ ቀስ ብላ ተነሳች። ዲኑ ድምፅ መስጠት አላስፈለገውም። የተነፈሰው ትንፋሽ የፊቱን ወረቀት አበረረው።

"ምክንያቱ ምን ተብሎ ይጻፋል?" አለ ጓድ ታደሰ።

ሰብለ እየጻፈች ነበር። "‹በተለመደው አሠራር መሠረት›" ብላ አነበበችለት።

በሩ ጋ ሲደርስ ጓድ ታደሰ አጠገቤ ቆመ። "ሌላ ጊዜ ምሳሌ ስትሆን አስቀድመህ አሳውቀን" አለኝ። ማስፈራሪያ ይሁን ቀልድ ሳላውቅ ሁለት ወር ሙሉ መኪና በቆመ ቁጥር ደነገጥኩ። አልመጡም።

መካኒሳ ስደርስ ጋሼ ከድር በሩ ላይ ቆመዋል፤ መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል። ነስሩ ከኋላቸው፣ እናቱ ከመጋረጃው ጀርባ። "ሐሙስ ይፈተናል" አልኳቸው። ሌላ ቃል መጨመር አልቻልኩም፤ ለእኔ ይህ ከባድ ሕመም ነው። እሳቸው ኮቴን አወለቁልኝና ብብቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

"ይህን ምን ቀደደው?"

"እጄን ሳወጣ ነው።"

"ጠቦ ነበር ማለት ነው" አሉ። ተቀምጠው ጨርቁን ከመኪናው ላይ ገፈፉ። ሬዲዮዋ ማርሽ ላይ ነበረች፤ ግን ያን ቀን እግራቸው ቀስ ብሎ ነው የረገጠው።

ነስሩ አለፈ። ከፈተናው በፊት የሰጠሁት ምክር አንድ ብቻ ነው፤ ደም ከሚቀዳበት አልጋ ራቅ ብለህ ቁም። ሰብለ ደግሞ ከዚያ ስብሰባ በኋላ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። "ጫማህን ማውለቃቸውን ለምን ተናገርክ? አላስፈለገም እኮ" አለችኝና መሳቅ ጀመረች፤ ስትስቅ ግድግዳ ያዘች። አንበሳ ሆኜ ስድስት ወር ያላገኘሁትን በዚያ አገኘሁ። ሌላው የቤታችን ጉዳይ ነው።

ቁም ሳጥኑን ገዛነው። ሽታው ሳምንት አልፎትም አልለቀቀም፤ ልብሴን ባወጣሁ ቁጥር ስብሰባ የምሄድ ይመስለኛል። ያን ቀን ግን ለጓድ ታደሰ "ለምጃለሁ" ያልኩት ነገር አለ። እሱን ላስተካክል። ባለፈው ወር ለስኳር ምርመራ ደም ልሰጥ ከሰብለ ጋር ወደ ነስሩ ክሊኒክ ሄድኩ፤ አሁን ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል፣ ክሊኒኩም ከብስራተ ገብርኤል ብዙ አይርቅም። ለእኔ ክብር ብሎ ክንዴን ራሱ አሰረ። "ቀስ በል፣ ጎበዝ" ማለቴ ትዝ ይለኛል። ቀጥሎ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው፤ የሰብለ ነጠላ ፊቴ ላይ እየተወዛወዘ፣ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት በሽተኛ "ጫማቸውን አውልቁላቸው" ስትል። ዕድሜዬን በሙሉ ሐኪሞችን አናቶሚ ሳስተምር የኖርኩት ሬሳ ስለማይደማ ነው። ደም ካየሁ ዛሬም እወድቃለሁ።